እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የመቀሌው ምንጭ

ከአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ መሐል ሜዳ

በዚህች በዓመት አንድ ጊዜ በምትወጣው መጽሔታችን የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ዘንድሮ ተራው ለእኔ ሲደርሰኝ ስለ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ለመጻፍ ወሰንሁ። ከእናንተ መካከል የእቴጌይቱን ስም ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ የለም፤ ስለዚህ ሁሉ የሚያውቀውን መድገም ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ግን የመረጥኋቸው ታሪካቸው ስላልታወቀ አይደለም። ታሪኩን እያወቅሁ ትምህርቱን ሳላስተውል በመቅረቴ አንዲት የክፍል ጓደኛዬን ስለ በደልሁ ነው። ስለዚህ ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት የራሴን ጥፋት መናገር ይገባኛል።

አምና የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የክፍል አለቃ ሆኜ ተመረጥሁ። ሴት አለቃ መሆኗን ያልወደዱ ጥቂት ወንዶች ነበሩ፤ አንድ ቀን ጠዋት ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ የሚለውን ተረት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተጽፎ አገኘሁት። እኔም ለዚህ የሚገባው መልስ ጥብቅ መሆን ነው ብዬ አሰብሁ። የዘገየውንም የሚያወራውንም ለማንም ሳላዳላ እመዘግብ ጀመር። ስሟ በመዝገቤ ላይ አዘውትሮ የሚገኝ አንዲት ልጅ ነበረች። ደወሉ ከተደወለ በኋላ እጇ በውርጭ ደርቆ፥ የቀሚሷ ጫፍ ርሶ ትገባለች፤ እኔም ቀና ብዬ ሳላያት ስሟን እጽፋለሁ። ምክንያቷን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። ከገና በዓል በኋላ ልጅቱ ትምህርቷን አቋርጣ ቀረች፤ እኔም ስሟን ከመዝገቡ ሰረዝሁ።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ የታሪክ መምህራችን ስለ ዓድዋ ዘመቻ የቤት ሥራ ሰጡን። ማታ እሳት ዳር ተቀምጬ ለአያቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብላቸው እቴጌ ጣይቱ የመቀሌን ምንጭ ያስያዙበት ቦታ ደረስሁ። አያቴም አቋርጠውኝ፥ የሰፈራችን ልጆች በዚህ በበጋ ውኃ የሚቀዱት ከየት እንደ ሆነ ታውቂያለሽን ብለው ጠየቁኝ። በእኛ ቤት ቧንቧ ስላለ አላውቅም ነበር። እርሳቸውም ቅርቡ ምንጭ ሲደርቅ ልጆቹ ገና ሳይነጋ ወደ ገደሉ ሥር እንደሚወርዱ ነገሩኝ፤ ከሚወርዱትም መካከል የዚያችን ልጅ ስም ጠሩልኝ። የዚያን ዕለት ማታ መጽሐፉን እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብሁት። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ያን ጊዜና ከዚያም ወዲህ የተማርሁትን ነው።

እቴጌ ጣይቱ የተወለዱት ዘመነ መሳፍንት ሊያበቃ በተቃረበበት ጊዜ ገደማ ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ሲሆኑ፥ በትውልዳቸው ከየጁ መሳፍንት ጋር ይገናኛሉ። እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው፥ እዚያው ደረስጌ ማርያም አጤ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ፥ የጣይቱ ቤተ ዘመድ የነበረውን ሥልጣን አጣ። ስለዚህ ጣይቱ ከፍ ካለ ቤት ተወልደው በአስጨናቂ ጊዜ ያደጉ ናቸው። ሹመት እንደሚመጣ ሁሉ እንደሚሄድ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቤታቸው አይተዋል።

በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ፊደል ማስቆጠር እምብዛም አልተለመደም ነበር። የመሳፍንት ልጆች እንኳ ፈትሉንና የቤቱን አስተዳደር ይማሩ እንደሆነ እንጂ ከመጽሐፍ ጋር አይገናኙም ነበር። ጣይቱ ግን ማንበብና መጻፍ ተማሩ፤ ግእዝም ያውቁ ነበር። በገና ይደረድራሉ፥ ሰንጠረዥም ይጫወታሉ። ሰንጠረዥ የሚጫወት ሰው የሚቀጥለውን ብቻ ሳይሆን ከዚያ ወዲያ ያለውን እርምጃ ማየት አለበት፤ ይህ ልማድ በኋላ ዘመን በምክር ቤትም በጦር ሜዳም እንደ ጠቀማቸው እገምታለሁ።

በ1875 ዓ.ም. በትንሣኤ ሰሞን ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር አንኮበር ላይ በቁርባን ተጋቡ። አንኮበር ከእኛ ከመንዝ እምብዛም የማይርቅ፥ ብርዱም ጉሙም የእኛኑ የሚመስል አገር ነው። የሸዋ ነገሥታት አባት ነጋሢ ክርስቶስም ከዚሁ ከመንዝ የተነሡ ናቸውና፥ ጣይቱ በጋብቻ የገቡበት ቤት ሥሩ በእኛው ደጋ የተተከለ ነበር ለማለት ይቻላል። ንጉሡና ንግሥቲቱ በኋላ ወደ እንጦጦ ወጡ። ጣይቱ ከእንጦጦ በታች ያለውን የፍል ውኃ ሜዳ ወድደው ቤት እንዲሠራበት አደረጉ፤ በ1879 ዓ.ም. ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። አገራችን ዛሬ የምትተዳደርባትን ዋና ከተማ ስም ያወጡላት አንዲት ሴት መሆናቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ነገር ግን ከተማይቱም የተቆረቆረችው በውኃ ዳር መሆኑን ልብ ያልን ጥቂቶች ነን።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ፤ በሁለተኛውም ቀን ጣይቱ እቴጌ ተብለው ብርሃን ዘኢትዮጵያ የሚል ስም ተሰጣቸው። ዘመኑ ግን የደስታ ዘመን አልነበረም። የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶት ገበሬው የሚያርስበት አጥቶ፥ ክፉ ቀን እየተባለ እስከ ዛሬ የሚጠራው ረኀብ አገሩን ይፈጅ ነበር። በዚያው ሰዓት ከባሕሩ በኩል ሌላ መከራ እየቀረበ ነበር።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ከኢጣሊያ መንግሥት ጋር የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በኢጣሊያንኛ የተለያየ ቃል ይዞ ነበር። በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል ሊጠቀሙ ይችላሉ ሲል፥ በኢጣሊያንኛው ግን የግድ በኢጣሊያ በኩል መሄድ አለባቸው ይል ነበር። በዚህ በአንድ ቃል ልዩነት ኢትዮጵያ የኢጣሊያ ጥገኛ ናት ተብሎ ለአውሮፓ ነገሥታት ተነገረ። በ1883 ዓ.ም. የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ነገሩን ለማስታረቅ አዲስ አበባ ሲመጣ፥ በክርክሩ ላይ እቴጌ ጣይቱ ተቀምጠው ነበር። መልእክተኛው ቃሉን መለወጥ ለመንግሥቱ ክብር የማይስማማ መሆኑን ሲገልጽ፥ እቴጌይቱም ኢትዮጵያም የምታስከብረው ክብር እንዳላት፥ ጥገኛ ሆና መታየትንም እንደማትቀበል አስረዱት። ክርክሩ ያለ ስምምነት ተቋረጠ። በ1885 ዓ.ም. አጤ ምኒልክ ውሉ የፈረሰ መሆኑን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገንዝብ። እቴጌ ጣይቱ ለጦርነት የቸኮሉ ሴት ብቻ አድርጎ የሚያስባቸው ሰው ይሳሳታል። በመጀመሪያ የተዋጉት በወረቀትና በቃል ነው። የአንዲት ቃል ትርጉም የአገር ዕድል ሊሆን እንደሚችል የተረዱትም ማንበብ ስለሚያውቁ ነበር።

መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ታወጀ። የሸዋ ሠራዊት በጥቅምት ወር ወረኢሉ ላይ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። ወረኢሉ ከእኛ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ ከወንዞቹ ቆላ ባሻገር የሚገኝ የወሎ አገር ስለሆነ፥ የመንዝ ሰው ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ወደዚያ ተጓዘ። በመንዝ እያንዳንዱ ቤት ማለት ይቻላል ከዚያ ዘመቻ የተረፈ አንድ ወሬ አለው። ወሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ወንዶቹ ነው፤ ጋሻቸውና ጎራዴያቸው ይነገራል እንጂ ከኋላቸው የሄደችው ሴት ስንት እንስራ እንደ ተሸከመች የሚቆጥር የለም።

በዚያ ጊዜ የነበረው ሠራዊት እንደ ዛሬ ጦር የስንቅና የሕክምና ክፍል አልነበረውም። ወታደሩ በሶውን፥ ጭኮውን፥ ቆሎውንና ድርቆሹን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፤ ያ ሲያልቅ የሚፈጨው፥ የሚጋገረው፥ የሚቀዳው፥ ቁስለኛውንም የሚያጥበው የሴቶቹ እጅ ነው። ቀን ከሠራዊቱ ጋር ይጓዛሉ፤ ማታ ወንዱ ሲያርፍ እነርሱ ወፍጮ ላይ ያድራሉ። ወደ ሰሜን ያለው መንገድ ተራራና ገደል የበዛበት ሲሆን፥ ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ ይህን ሁሉ የተሸከሙት ሴቶች ወታደር አልተባሉም፤ ሥራቸው ግን የውትድርና ሥራ ነበር። ያለ እነርሱ አንድ ጠመንጃ እንኳ ዓድዋ ባልደረሰ ነበር።

እቴጌ ጣይቱም የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ። ከ3000 በላይ እግረኛና 600 ያህል ፈረሰኛ ነበራቸው፤ መድፈኞችም ነበሯቸው። ከዚህም በላይ የሴቶቹ ሠራዊት በሙሉ በእርሳቸው ሥር ነበር። ወንድማቸው ራስ ወሌም የየጁን ጦር ይዘው ዘመቱ።

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ የመጀመሪያው ውጊያ ተደርጎ የኢጣሊያኑ ሹም ማዦር ቶዜሊ ወደቀ። ከዚያ የተረፈውና መቀሌ የነበረው የኢጣሊያ ጦር በማዦር ጋሊያኖ አዛዥነት እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ባለው ምሽግ ገባ። ምሽጉ በወፍራም የድንጋይ ግንብ የታጠረ ሲሆን ከአንድ ሺህ በላይ ወታደርና መድፍ ነበረው። ዙሪያውን ሾህና ስለታም ነገር ተበትኖበት ነበር። የእኛ ሰዎች በጀግንነት ደጋግመው ሄዱበት፤ ከግንቡ ሥር ብዙዎች ወደቁ፤ ምሽጉ ግን አልተደፈረም። ጀግንነት ብቻውን ግንብ አያፈርስም። ወንዶቹ ምሽጉን በድፍረት ለመያዝ ሲጨነቁ እቴጌ ጣይቱ ሌላ ጥያቄ ጠየቁ፤ ይህም በውስጥ ያሉት ሰዎች የሚጠጡት ውኃ ከየት ነው የሚል ነበር።

ውኃው ከግንቡ ውጭ፥ ከኮረብታው ሥር ነበር። እቴጌይቱ ምክሩን ለንጉሠ ነገሥቱ አቅርበው ከተፈቀደላቸው በኋላ የራሳቸውን ሰዎች በሌሊት ልከው ምንጩን አስያዙ። የተላኩትም ሰዎች ከምሽጉ የሚወርደውን ጥይት ችለው ቦታውን አልለቀቁም፤ እርሳቸውም ስንቃቸውን አላቋረጡባቸውም። ከዚያ በኋላ በግንቡ ውስጥ ውኃ በስፍር መሰጠት ጀመረ፤ ስፍሩም ከቀን ወደ ቀን አነሰ። ሁለት ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ፥ በጥር ወር 1888 ዓ.ም.፥ ማዦር ጋሊያኖ ምሽጉን ለቅቆ ወጣ። አጤ ምኒልክም ሰዎቹን ከነመሣሪያቸው በሰላም እንዲሄዱ ፈቀዱላቸው። መድፍ ያልከፈተውን በር ጥም ከፈተው።

ይህን ምክር ያመጣው ምንድን ነው ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። እቴጌይቱ የጦር ትምህርት ቤት አልገቡም። ነገር ግን ቤት የሚያስተዳድር ሰው ስንት ሰው ስንት እንስራ ውኃ በስንት ቀን እንደሚጨርስ ያውቃል፤ የተሸከመውም ሰው ከማንም የበለጠ ያውቀዋል። ሴቶች በየቀኑ የሚሠሩት፥ ማንም እንደ ዕውቀት የማይቈጥረው ነገር መቀሌ ላይ የጦር ብልሃት ሆነ። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ የሚለው ተረት እውነት ቢሆን ኖሮ ስንት ተጨማሪ ሰው ከዚያ ግንብ ሥር እንደሚወድቅ አስቡት።

ከመቀሌ ሠራዊቱ ወደ ዓድዋ ተሻገረ። ሁለቱ ወገኖች ለሳምንታት ፊት ለፊት ተፋጠው ሰነበቱ፤ የእኛ ሰዎች ስንቅም እያለቀ ነበር። የካቲት 22 ለ23 አጥቢያ ጄኔራል ባራቲዬሪ ወደ 17,700 የሚሆን ጦርና 56 መድፍ ይዞ በሌሊት ተንቀሳቀሰ። የጄኔራል አልቤርቶኔ ክፍል በጨለማና በተሳሳተ ካርታ ምክንያት ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ፊት ራቀ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ፥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፥ ገና ሲነጋ ውጊያው ተጀመረ።

በዚያን ቀን እቴጌ ጣይቱ በድንኳናቸው አልተቀመጡም። ዐይነ ርግባቸውን ገልጠው፥ ጥቁር ጃንጥላ አስይዘው፥ ደንገጡሮቻቸውንና ሴቶቹን አስከትለው በእግራቸው ወደ ውጊያው ቦታ ሄዱ። የሠራዊቱ የኋላ ክፍል ሲያመነታ ባዩ ጊዜ እየተጣሩ አደፋፈሩት፤ መድፈኞቻቸውም ይተኩሱ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አስቀድመው አዘጋጅተው ነበር፤ እርሱም ውኃ ነው። በሰፈሩ የነበሩት ከ10,000 የማያንሱ ሴቶች በእንስራና በቅል ውኃ እየያዙ በተኩሱ መካከል ገብተው ለተጠማውና ለቈሰለው አጠጡ። በመቀሌ ለጠላት ውኃ የከለከሉት እጆች በዓድዋ ለወገን ውኃ አደሉ። ሁለቱንም ያደረገ አንድ ዕውቀት ነው።

ከቀትር በኋላ ድሉ ታወቀ። አልቤርቶኔ ተማረከ፤ ጄኔራል አሪሞንዲና ጄኔራል ዳቦርሚዳ ወደቁ። ከእኛም ወገን ፊታውራሪ ገበየሁና ሌሎች በሺህ የሚቈጠሩ ጀግኖች በዚያው ቀሩ። በሮማ የክሪስፒ መንግሥት ወደቀ፤ በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌው ውል ፈረሰ፤ የኢትዮጵያም ነፃነት ታወቀ። የድሉ ወሬ በቅኝ ግዛት ሥር ለነበሩት ሕዝቦች ሁሉ ተስፋ ሆነ።

ከድሉ በኋላ ያለው የእቴጌይቱ ሕይወት ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ለእኔ ግን ከፊተኛው ያላነሰ ትምህርት አለው። በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን፥ በአገራችን የመጀመሪያ የሆነውን ሆቴል አሠሩ። አጤ ምኒልክ በጽኑ ሕመም ሲያዙ ደግሞ የመንግሥቱን ሥራ በብዛት እርሳቸው ይመሩት ጀመር። በዚህ ጊዜ ሹመቱን ለዘመዶቻቸውና ለሚቀርቧቸው ሰዎች ያደላሉ፥ ጋብቻውንም ለሥልጣን ይጠቀሙበታል የሚል ቅሬታ በመኳንንቱ ዘንድ በረታ። ሴት እንድትገዛቸው የማይወድዱም ነበሩ። በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉ አደረጓቸው። በመቀሌ የጠላትን ጥም በሩቁ የለዩት እቴጌ በአጠገባቸው ያለውን ቅሬታ በጊዜው ሳይለዩት ቀሩ ለማለት ይቻላል። ታላላቆችን ማክበር ማለት ጉድለታቸውን መሸሸግ ስላልሆነ ይህንም መጻፍ ተገባኝ።

ነገር ግን ሥልጣናቸውን ካጡ በኋላ ያደረጉት ነገር እኔን ከሁሉ ይልቅ ነካኝ። መንቀሳቀስና መናገር የተሳናቸውን ባላቸውን አልተለዩም። አጤ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በአጠገባቸው ሆነው አስታመሙ። ከዚያ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው በጸሎት ተወስነው ኖሩ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ ዐፅማቸው በአዲስ አበባ በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከባላቸው ጋር ይገኛል።

ከእርሳቸው በፊትም በኋላም በጦር ሜዳ የዋሉ የኢትዮጵያ ሴቶች ብዙ ናቸው። በ16ኛው መቶ ዓመት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ከደብረ ዳሞ ወርደው ከዘማቹ ጋር ተሰልፈዋል። በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ጊዜ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች ስንቅና መሣሪያ አቀብለዋል፤ ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ በጠላት ከተገደሉ በኋላ ጦሩን ራሳቸው መርተዋል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ኢንጂነር አይሻ መሐመድ በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። እንግዲህ ሴት ልትዘምትና ልትመራ ትችላለችን የሚለው ጥያቄ ከተመለሰ ቆይቷል። የቀረው ጥያቄ መምራት ምንድን ነው የሚለው ነው።

እኔ ከእቴጌይቱ ሕይወት ሦስት ነገሮችን ተማርሁ። አንደኛ፥ አለቃ የሆነ ሰው ከማዘዙ በፊት ሰው የሚጐድለውን ማወቅ አለበት። ሁለተኛ፥ ሌላውን የሚልክበትን መንገድ እርሱም በእግሩ ሊሄድበት ይገባል። ሦስተኛ፥ ሹመት ሲያልፍ የማያልፍ ሥራ አለ፤ እርሱም ለሰው ማሰብ ነው። አምና በመዝገቤ ላይ ስም እየጻፍሁ ስመላለስ ከሦስቱ አንዱም አልነበረኝም። ጥብቅነቴ ወንዶቹን ጸጥ አሰኝቶ ይሆናል፤ የመጀመሪያ ቅጣቱ የደረሰው ግን በአንዲት ውኃ ቀጂ ሴት ላይ ነው።

አያቴ ስሟን ከጠሩልኝ በሦስተኛው ቀን፥ ቅዳሜ ሌሊት፥ ጀሪካን ይዤ ከልጅቱ ጋር ወደ ምንጩ ወረድሁ። መውረዱ አላስቸገረኝም፤ መውጣቱን ግን ሳልናገር ባልፍ ይሻለኛል። ውርጩ ሣሩን አንጭቶታል፤ ውኃው በጀርባዬ እየተንጠባጠበ ቀሚሴን አራሰው። ሁለት ጊዜ አረፍሁ፤ እርሷ እኔን ስትጠብቅ ካልሆነ በቀር አላረፈችም። ቤቷ ስንደርስ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። የትምህርት ቀን ቢሆን ኖሮ የሁለታችንም ስም በመዝገቡ ላይ ይጻፍ ነበር። ይቅርታ ስጠይቃት ምንም አልመለሰችልኝም፤ ጀሪካኑን ብቻ ከጀርባዬ አወረደችልኝ።

ዘንድሮ ልጅቱ ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች። ነገር ግን ዓመቱ ስላለፋት ከእኔ አንድ ክፍል ወደ ኋላ ቀርታ 11ኛ ክፍልን እንደ ገና ትማራለች። ይህን ዓመት ልመልስላት አልችልም። የቻልነው ይህን ብቻ ነው፤ በሰፈራችን ያለን ተማሪዎች ተስማምተን ውኃውን ከትምህርት በኋላ በተራ እንቀዳለን፤ ቅዳሜ ደግሞ አህያ ያለው አህያውን ያመጣል። አምና ያን ተረት ሰሌዳ ላይ የጻፈው ልጅ አህያ ካመጡት አንዱ ነው። እርሱ ስለ ተረቱ አላነሣም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ዘንድሮም የክፍል አለቃ ሆኜ ተመርጫለሁ፤ የዘገየ ሰው ስም እንደ ፊቱ ይመዘገባል፤ ከስሙ አጠገብ ግን አንድ ባዶ ስፍራ አስምሬአለሁ። በዚያ ስፍራ የዘገየበት ምክንያት ተጠይቆ ይጻፋል።

ውድ ወላጆቻችን፤ የውኃው እንስራ በሴት ልጅ ጫንቃ ላይ ብቻ የተጣለ ዕዳ እንዳይሆን ወንዶች ልጆቻችሁንም አሠልጥኑ። ውድ መምህራኖቻችን፤ እርጥብ ቀሚስ ለብሳ የምትገባውን ልጅ ከመቅጣት በፊት ጠይቁልን። እናንተም ጓደኞቼ፤ ነገ ከመካከላችሁ የጦር መኰንን፥ ሐኪም፥ አስተዳዳሪ የምትሆኑ አላችሁ። በየትኛውም ስፍራ ብትሾሙ በመጀመሪያው ቀን ውኃው ከየት እንደሚቀዳና ማን እንደሚቀዳው ጠይቁ።

ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት ለልጅቱ አነበብሁላት። ስሟን እንዳልጽፍ ብቻ ጠየቀችኝ፤ እኔም ቃሌን ጠብቄአለሁ።